የዓይኑ ዓ እግር

ክቡራን አባቶች ካህናት፤ የተከበሩ የአምሃ ባለቤት ወይዘሮ ሮማነወርቅ፤ ልጆቹና ዘመዶቹ፤ የወሰን ዕድር አባላት፤ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች፤ ይህን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፦ እግዚአብሔር ያጽናን። ስሜ በላይነህ ነው። የሕግ መምህር ነኝ፤ ከአምሃ ጋር ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ወዳጆች ነበርን። ዕድሜውና ዕውቀቱ አንቱታ ይገባቸው ነበር። እሱ ግን «አንቱ ያልከኝ ቀን ጥያቄ መጠየቅ ታቆማለህ» ይለኝ ስለነበር፣ ዛሬም እንደ ለመድሁት እናገራለሁ።

ሙያዬ እንዳስለመደኝ በቀናት እጀምራለሁ።

በ1952 ዓመተ ምሕረት፣ እዚሁ እንጦጦ ላይ፣ የቅኔ መምህር ከነበሩት ከመሪጌታ ተክለጻድቅ ተወለደ። በ1974 ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመርቆ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በስታቲስቲክስ ባለሙያነት ተቀጠረ። በ1986 ዓመተ ምሕረት በኮምፒውተር አማርኛ የሚያስጽፍ ፕሮግራም ሠርቶ ጨረሰ፤ የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ በእጁ ሥሎ ነው ያስገባው። በ1989 ዓመተ ምሕረት እሱ ያልሸጠው ቅጂ ገበያ ላይ ሲሸጥ አየ። በ1990 ዓመተ ምሕረት ሁለተኛውን እትም አወጣ። በ1995 ዓመተ ምሕረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በ1996 ዓመተ ምሕረት የቅጂ መብት አዋጅ ታወጀ። በ1998 ዓመተ ምሕረት እሱና እኔ አንድ ክስ አዘጋጀን። ትናንት፣ በኅዳር ወር 2006 ዓመተ ምሕረት፣ ዐረፈ።

ዓመተ ምሕረት፣ ዓመተ ምሕረት እያልሁ አደከምኋችሁ። ታገሡኝ፤ ምክንያት አለኝ።

ቀናቱ እነዚህ ናቸው። ሰውዬው ግን ማን ነበር? በአንድ ቃል እንድመልስ ብገደድ፣ ጠያቂ ነበር እላለሁ።

አባቶች እንደምታውቁት፣ አዲስ ቅኔ በጉባኤ ያሰማ ሰው «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል። እንግዲህ የፈጠረው «ዘራፊ» ከተባለ፣ የሌላውን ወስዶ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማውስ ምን ሊባል ነው? አምሃ ይህን ጥያቄ ለአባቱ ያቀረበው ገና ዳዊት ሳይደግም ነበር። መሪጌታ በቃል አልመለሱለትም። አንድ ቀን ግን አሳዩት። ከሌላ ጉባኤ ቤት የመጣ ተማሪ ተነሥቶ ግሩም ቅኔ አሰማ። ቅኔውን ከዚያ በፊት የሰማ ሁሉ ወደ በሩ አየ። የሚያጨበጭብ የለም፤ የሚያወግዝም የለም። መሪጌታ ፈገግ ብለው፦

«ልጄ፣ የቅኔው ባለቤት ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ስታልፍ እጅ ንሣው» አሉት።

ፍርዱ በዚሁ አለቀ። አዋጅ አልነበረም፤ መዝገብ አልነበረም፤ ዳኛም አልነበረም። ታዲያ የባለቤቱን መብት ምን ጠበቀው? አምሃ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነበረው፦ ጆሮ። የሰሙ ጆሮዎች በሞሉበት ቤት ሌብነት የሚሸሸግበት ጥግ አያገኝም።

ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለውም። በሬ ሲሰረቅ በረቱ ባዶ ይሆናል፤ ባለቤቱ ጠዋት ወጥቶ ይጮኻል፤ መንደሩም ፈለግ ይከተላል። ፕሮግራም ሲሰረቅስ? ከቤትህ የጎደለ ነገር የለም። የሠራኸው እንዳለ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጧል። «ሌባ!» ብለህ ብትጮኽና «ምን ጠፋብህ?» ቢሉህ፣ ምን ትላለህ? እኔ ይህን ጥያቄ ዛሬም ለተማሪዎቼ እሰጣለሁ። ጥያቄው የኔ አይደለም፤ የአምሃ ነው።

በ1989 መገናኛ አካባቢ ወደ አንድ ትንሽ ሱቅ ገባ። ባለሱቁ ጎልማሳ እንኳ ያልሆነ፣ ቀልጣፋ ልጅ ነበር። ቀጥሎ የተባባሉትን አምሃ ደጋግሞ ስላጫወተኝ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«የአማርኛ መጻፊያ አለህ?»

«ሞልቶ ጋሼ!»

«ኦርጅናል ነው?»

«ኦርጅናል ኮፒ ነው። እኔ ጋ ቀሽም ኮፒ አይገባም።»

«የማን ሥራ ነው?»

«የማን ይሆናል? የኮምፒውተሩ ነዋ!»

«እንዳይቀዳ ቁልፍ አለው ሲባል ሰምቼ ነበር።»

«ሰብሬዋለሁ፤ አያስቡ። ሰውዬው ግን ጭንቅላት ነበረው። ክረምቱን ሙሉ ነው ያስለፋኝ።»

«ነበረው? ሞተ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ? ይሄን የሠራ ሰው እዚህ አገር ይቀመጣል ብለው ነው?»

አምሃ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ኮሌታውን ያዘ? ፖሊስ ጠራ? በርጩማ ስቦ ተቀመጠና «እንዴት ሰበርከው? እስቲ አሳየኝ» አለ። የገዛ ፕሮግራሙንም ገዝቶ ወጣ። ማታ ቤቴ መጥቶ ፕሮግራሙ ያለበትን ፍሎፒ ዲስክ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። ተናዶ ነበር፤ አልተናደደም ብዬ ላስውበው አልፈልግም። ነገር ግን የመጀመሪያ ቃሉ «በላይነህ፣ እኔ ያላየሁት በር ነበረ!» የሚል ነበር። ከንዴቱ ጥያቄው ቀደመ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፍ መሥራት ተወ። «የአባቴ ጉባኤ ቤት ቁልፍ አልነበረውም፤ የነበረው ምስክር ነው» አለኝ። በሁለተኛው እትም ውስጥ አንድ ምስክር አስቀመጠ። የት? ዓይኑ ዓ ላይ። ዓይኑ ዓን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፦ ክብ ናት፤ ከሥሯ አንዲት እግር አላት፤ እግሯም ከክቡ መሐል ቀጥ ብላ ትወርዳለች። አምሃ ያችን እግር በጥቂቱ፣ እጅግ በጥቂቱ፣ ወደ ግራ አወጣት። ተሳስቶ አይደለም፤ ሆን ብሎ ነው።

ለምን ዓን መረጠ? ቀን የሌለው ወረቀት የለም፤ ከቀን ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት ይጻፋል፤ ዓመተ ምሕረት ደግሞ በዓይኑ ዓ ይጀምራል። ፕሮግራሙን ሰርቆ የወሰደ ሰው ምስክሩንም ሳያውቅ ይዞ ይሄዳል። ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር ምስክሩ ከቀኑ አጠገብ ይቆማል። ዓመተ ምሕረት እያልሁ ያደከምኋችሁ ለዚህ ነው።

በ1998 አንድ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ ይህንኑ ፕሮግራም በራሱ ስም አሽጎ መሸጥ ጀመረ። ካርቶኑ ላይ የአምሃ ስም የለም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ የዚያን ቀን ያሉትን አልረሳሁም። «ገንዘቡ ይቅርብን። ስምህን ግን ከሥራህ ጋር አንድ ላይ ሳላየው እንዳትሞትብኝ» አሉት። እሱም «ገና ነኝ ሮሚ፤ አትቸኩዪ» ብሎ ቀለደ። በማግስቱ ግን ወደ እኔ መጣ።

አዋጁ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን በግልጽ ይጠብቃል። የቀረን ማስረጃ ነበር፤ ማስረጃችን ደግሞ ያች እግር ናት። ምን ያህል እንደ ተስፋፋች ለማየት ሚኒባስ ይዘን ከወሰን ሰፈር እስከ ካራ ሄድን። ወሰን ላይ፣ ከአንድ ጋራዥ በር፣ መሰላል ላይ የወጣ ሰው ታፔላ ይጽፋል። በብሩሽ፣ በእጁ። «ጎማ ጥገና፣ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ።» አምሃ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ወንድሜ፣ የዓን እግር ለምን ወደ ግራ አወጣኻት?»

«ኧረ ጋሼ! ዓ እኮ እንዲህ ነች።»

«ቀጥ ብትልስ?»

«ቀጥ ካለች የድሮ ሰው የጻፋት ትመስላለች። ባለጋራዡ ዘመናዊ አድርግልኝ ብሎኛል። ምነው ጋሼ፣ ከቀበሌ ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም። እንዲያው ከየት እንደ ለመድካት ገርሞኝ ነው።»

«ደንበኛ በኮምፒውተር ያስጻፈውን ይዞ ይመጣል፤ እኔ አጉልቼ እጽፋለሁ። ዓይን ይለምዳል፣ እጅ ይከተላል።»

የዚህ ሰው ስም ጉተማ ነው።

በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ ችግሩን ለአምሃ አስረዳሁት። «ተከሳሹ ይህን ሰው ፍርድ ቤት ያመጣዋል» አልሁት። «‹ዓ በየግድግዳው እንዲህ ነው የምትጻፈው፤ ምልክቷ የማንም አይደለችም› ይላል። ስለዚህ እኛ ቀድመን እናምጣው። ችሎት ፊት ቆሞ፣ እግሯን ከቅጂ እንደ ቀዳት ይናገር።»

«ይህ ሰው ምን አጠፋ?»

«ምንም። ምስክር ነው።»

«ምን ብዬ ልንገረው? ‹እጅህ የኔ ነው› ልበለው?»

ረዳቱ «ሒሳብ ወደዚህ!» አለ፤ ከፈልሁ። መገናኛ ወረድን። አምሃ በመንገዱ ዳር ያሉትን ታፔላዎች አንድ በአንድ እያየ «እስቲ ክሱን ትንሽ እናቆየው» አለኝ።

ለምን? ቸርነት ነበር? ለዚህ ማስረጃ የለኝም። ፍርሃት ነበር? የሚያውቁት ሰዎች አይሉትም። ከወዳጁ የማይጠበቅ ቢመስልም፣ እንደ ሕግ መምህር አንድ ነገር መናገር አለብኝ፦ መክሰስ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ሳይጠየቅ የቀረ ወሳጅ ነገ የሌላውን ይወስዳል፤ ከአምሃ በኋላ የሚሠራው ወጣትም ያለ ጋሻ ይቀራል። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ትክክል ነበሩ። የእሱ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከእጄ አልወጣም። የሰረቀውን ስትይዝ፣ ሳይሰርቅ የተማረውን እጅ ምን ታደርገዋለህ? መቅዳት የት ላይ ያበቃል? መማርስ የት ላይ ይጀምራል? አዋጁን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ድንበሩ አለ፤ ነገር ግን ሚኒባሱ ውስጥ ላሳየው አልቻልሁም።

ዛሬ ያን ፕሮግራም የሚጠቀም የለም። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች የራሳቸውን ፊደል ይዘው መጡ፤ በእነሱ ላይ የዓ እግር ቀጥ ያለች ናት። ድርጅቱም ካርቶኑን መሸጥ ተወ። ሕጉ የአንድን ደራሲ መብት ከሞቱ በኋላም ለሃምሳ ዓመት ለወራሾቹ ይጠብቃል። የሚጠበቀው ሥራ ግን ከባለቤቱ ቀድሞ ከገበያ ወጥቷል። ከዚያ ሁሉ ድካም በሕይወት የቀረችው አንዲት እግር ናት፤ እሷም የምትኖረው በወሰንና በካራ ግድግዳዎች ላይ፣ በጉተማ ብሩሽ ነው።

አምሃ በዚያ ባለፈ ቁጥር ይቆም ነበር። «ዛሬስ ምን እየጻፍክ ነው?» ይለዋል። ጉተማም «መጣ ደግሞ ተቆጣጣሪው!» እያለ ይስቃል። ወዳጆች ሆኑ፤ በኋላም በአንድ ዕድር ተገናኙ።

ዛሬ ጠዋት ዕድሩ ያሠራው መስቀል መጣ። እባካችሁ ሁላችሁም ተመልከቱት። «አምሃ ተክለጻድቅ፣ ከ1952 እስከ 2006 ዓ.ም.» ይላል። ዓን ተመልከቱ። እግሯን ተመልከቱ።

የጻፈው ጉተማ ነው። እነሆ፣ ከዕድሩ ሰዎች መካከል ቆሟል። ጉተማ ወንድሜ፣ ቀና በል። ይህን ስትሰማ የመጀመሪያህ እንደ ሆነ ከፊትህ አያለሁ። ማንም አይከስህም። እጅህ ያንተ ነው።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ስሙን ከሥራው ጋር አንድ ላይ ሊያዩ ፈልገው ነበር። በዚህ መልክ አልነበረም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ስሙና ፊደሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ እንጨት ላይ ውለዋል። ያዩትም ብዙ ዓይኖች ናቸው።

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የመሪጌታን ጉባኤ አስታውሱ። የፊደሏ ባለቤት እዚህ ተኝቷል። ስታልፉ እጅ ንሡት።

አምሃ ወዳጄ፣ አባትህ ባስተማሩበት ተራራ ላይ አስቀምጠንህ እንመለሳለን። አፈሩ ይቅለልህ፤ ጥያቄህን እኛ እንሸከመዋለን። ደኅና ሁን።

የሚቀረኝ አጭር ነው። አምሃ ተክለጻድቅ ክስ አልመሠረተም። የዓን እግር አላቃናም። በጋራዡ በር ባለፈባቸው ዓመታት ሁሉ፣ የማን እንደ ሆነች ለጉተማ አልነገረውም።