በፊት ጎማ ብቻ
ሾፌር ካነሳችሁማ እኔ የማውቀው ጋሽ ፈንቴን ነው። ስማዳ ነርስ ሳለሁ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ከእናቷ ጋር እሳቸው በሚነዱት አምቡላንስ ወደ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ይዘን ስንሄድ፣ ዳገት ላይ ከኋላችን አንዳች ነገር ተንቋቋና መኪናችን ቆመች። ሁለት ጊዜ ተጠግኖ የነበረው፣ የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል እንደገና ተሰበረ።

"አለቀልን!" አልኩ።

"አይዞሽ ሲስተር፣ የኋላው ቢሞት የፊቱ አለ" ብለው ጋሽ ፈንቴ ከሥር ገቡ፤ ለካ መኪናችን በአራቱም ጎማ የምትጎትት ነበረች። ሞተሩን ከኋላ ጎማዎች ጋር የሚያገናኙትን የብረት ዘንጎች፣ ሻፍቶቹን፣ ፈተው አወጡ። መኪናችን በፊት ጎማ ብቻ እያቃሰተች ዳገቱን ስትወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ልጅቱ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች። እናቷ የጋሽ ፈንቴን እጅ ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ "ኧረ እማማ፣ ግሪስ ነው!" ብለው ሸሸጉት። እማማ ግን ጎትተው ሳሙት፤ ከንፈራቸው ጥቁር እንደሆነ እልል አሉ።