ማዶ የወረደው በረዶ

በጥቅምት መጨረሻ፣ በረዶ በጣለ ማግስት ረፋዱ ላይ፣ በረዶ በመመለስ የታወቁት ደብተራ ልመንህ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንዝ ማዶ ያገባችው ልጃቸው ውባለም እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ ፊታቸው ቆማለች።

ውባለም፦ አልቀመጥም አልኩዎ እኮ! ይነሱና አብረን እንሂድ። የማዶ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀምጠው እርስዎን እየጠበቁ ነው።

ደብተራ ልመንህ፦ ቆይ እንጂ፣ እግርሽን እንኳ ታጠቢ። ሰው አባቱ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ «እንዴት አደሩ» ነው የሚለው።

ውባለም፦ እንዴት አደሩ፣ አባባ። ጤፋችን አላደረም።

ደብተራ ልመንህ፦ ሰማሁ። እግዜር ያጽናችሁ።

ውባለም፦ መስማት ሌላ፣ ማየት ሌላ። ከዋርካው እስከ ወንዙ ያለው ማሳ በሙሉ ከጭቃው ጋር ተለጥፏል። ትንሽ ቢቆይልን ማጭድ ሊገባበት የነበረ ጤፍ! ባሌ አንለይ ከጠዋት ጀምሮ ማሳው መሐል ቁጭ ብሏል። ብጠራውም ዞር አላለም።

ደብተራ ልመንህ፦ እኔን! የወዲህኛው ግን አንድ ዘለላ አልረገፈም፤ ስትመጪ አላየሽም? ወንዙ ጋ ሲደርስ ነው ቀጥ ያለው።

ውባለም፦ ደስ ብሎዎታል እንዴ?

ደብተራ ልመንህ፦ ደስማ... እንዴት ደስ ይለኛል? ሰዉ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲመርቀኝ ነው ያረፈደው። አትመርቁኝ አልል ነገር!

ውባለም፦ እንግዲያው ማዶ የሚባለውንም ይስሙ። «ደብተራው በረዶውን ከሰፈሩ አንስቶ እኛ ላይ ደፋው» ነው የሚሉት።

ደብተራ ልመንህ፦ እኔ?

ውባለም፦ ታዲያ ማን? በረዶ መላሹ እርስዎ አይደሉም? በየመስከረሙ ቀንድ እየነፉ፣ ማጭድ ወደ ደመና እየወረወሩ፣ «ሂድ፣ ተመለስ» ሲሉ የት የሚሄድ መስሎዎት ነበር? የተመለሰ ነገር የሆነ ቦታ መውረዱ ይቀራል?

ደብተራ ልመንህ፦ ወደ በረሃ ነው እኮ የምለው። ሰው ወደሌለበት።

ውባለም፦ ትናንት ሰው ያለበት ወረደ። አሁን ምን ተባለ መሰለዎት፣ ይምጡና ሽማግሌዎቹ ፊት «አልላክሁም» ብለው ይማሉ። በቃ፣ እሱን ነው የፈለጉት።

ደብተራ ልመንህ፦ መማሉ ይቅርና ሙክት ይዤ ልምጣ። የዘር እህልም እሰጣለሁ። «ቀንዱን ሲነፋ ነፋስ አጋደለበት፣ ሳያስበው ነው» በያቸው።

ውባለም፦ ሳያስበው? እና እርስዎ ነዎት ማለት ነው?

ደብተራ ልመንህ፦ እኔ ነኝ አላልኩም።

ውባለም፦ አይደሉም?

ደብተራ ልመንህ፦ አይደለሁምም አላልኩም። ምነው እንደ ዳኛ ወጥረሽ ያዝሽኝ! «አልላክሁም» ብዬ ብምል «አልመለስኩም» ማለትም አይደል? እዚህ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይለኛል? ክፉ ነው ቢሉኝ ይሻለኛል። ክፉ ሰው ቢያንስ ይፈራል። ባዶ ነው ካሉኝ ግን በየት በኩል ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?

ውባለም፦ እኔስ በየት በኩል ቤቴ እገባለሁ?

ደብተራ ልመንህ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ውባለም፦ ዛሬ ይዤዎት ካልሄድኩ ልብሴን ብቻ ይዤ ልወጣ ነው። ልጁ ይቀራል። አማቴ እማማ ደብሬ ገና በጠዋት አቅፋ ይዛዋለች፤ ላጥባው ብላት እንኳ እንቢ አለችኝ።

ደብተራ ልመንህ፦ ኧረ በሕግ! አንቺ ምን አደረግሽ? በአባት ሥራ ልጅ ትባረራለች? አማቼ ብላ ስትጠራኝ የኖረች ሴት!

ውባለም፦ በእርስዎ ብቻ አይደለም።

ደብተራ ልመንህ፦ በምን ነው ታዲያ? ተናገሪ እንጂ። ምን አንገትሽን ያስደፋሻል?

ውባለም፦ ባለፈው እሑድ ከእሷ ጋር ውሃ ስንቀዳ ተጣላን። በማይረባ ነገር፤ እንስራዬን ገፋችብኝ ብዬ ነው። «የደብተራ ልጅ፣ ሥራ የማታውቂ» ስትለኝ ደሜ ፈላ። ሰው ሁሉ በቆመበት... አባባ፣ አፈር ልብላ... «ቆይ ለአባቴ እነግርልሻለሁ፤ ማሳሽን ያይልሻል» አልኳት።

ደብተራ ልመንህ፦ ውባለም!

ውባለም፦ አፌ ነው። ከአፌ ነው የወጣ። ማታውኑ ንዴቴ በርዶ ነበር። ትናንት ደመናው ጠቁሮ ሲመጣ ግን ሴቶቹ በሙሉ ዞረው ያዩት እኔን ነው። ደመናውን ያየ አልነበረም።

ደብተራ ልመንህ፦ እና አንቺም እኔ ነኝ ብለሽ አመንሽ?

ውባለም፦ ማክሰኞ ገበያ ላይ ለእማዬ ነግሬያታለሁ። ነግራዎት ይሆናል ብዬ... ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። አንዴ «አባቴ ለኔ ብሎ ነው» እያልኩ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ የልጄን እንጀራ ጭቃ ውስጥ ሳየው አለቅሳለሁ። እንዴት ያለ ሰው ነው የወለደኝ እላለሁ።

ደብተራ ልመንህ፦ እናትሽ ምንም አላለችኝም። ብትለኝስ? በልጅ ልጄ ጉሮሮ ላይ በረዶ የምልክ ሰው እመስልሻለሁ?

ውባለም፦ ታዲያ አይደለሁም ይበሉኛ! እዚህ ማንም የለ። ለኔ ብቻ ይበሉኝ።

ደብተራ ልመንህ፦ ...አይደለሁም።

ውባለም፦ ጮክ ይበሉ።

ደብተራ ልመንህ፦ አይደለሁም! እኔ በረዶ መልሼ አላውቅም። ትናንትም፣ አምናም፣ አንቺ ሳትወለጂም። በይ፣ ደስ ይበልሽ።

ውባለም፦ ሰፈሩ በሙሉ እኮ «ቀንዱን ነፋ፣ ደመናውን ገሠጸው፣ ከዚያ ድርሳኑን ሊደግም ወደ ቤት ገባ» እያለ ነው!

ደብተራ ልመንህ፦ ድርሳን! የመጀመሪያው በረዶ እዚህ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ቀንዱን ጥዬ ሮጥኩ። እይው፣ እስካሁን እንዳበጠ ነው። ጥምጥሜን ዝቅ አድርጌ የዋልኩት ለምን ይመስልሻል? አልጋ ሥር ነው የገባሁት። እናትሽ እንኳ እህል ልታስገባ ወጥታ ነበር፤ እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ።

ውባለም፦ አልጋ ሥር?

ደብተራ ልመንህ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ሌላው ሲስቅ ከምሰማ አንቺ ብትጀምሪው ይሻላል።

ውባለም፦ አልሳቅኩም፣ አባባ።

ደብተራ ልመንህ፦ የባሰውን ደግሞ ልንገርሽ። እዚያ ተጋድሜ «ወዲያ አድርገው ጌታዬ፣ ወዲያ ማዶ ውሰደው» እያልኩ እለምን ነበር። ወዲያ! ወዲያ ማን እንዳለ ትዝ አላለኝም። ልጄ አለች፣ የልጅ ልጄ አለ አላልኩም። ጎጆዬ ላይ ሲንኮሻኮሽ አእምሮዬን ሳትኩ። ከዚያ ጸጥ ሲል ብቅ ብዬ አየሁ፤ እውነትም ወዲያ ነው። ሰዉ እልል አለ። እኔም... ደረቴን ነፋሁ። ምን ዓይነት ፊት ነው ያለኝ!

ውባለም፦ እንግዲያው ሰምቶዎታል ማለት ነዋ።

ደብተራ ልመንህ፦ ሞኝ አትሁኚ። ማዶ ያለውስ ሰው ምን ሲል የነበር ይመስልሻል?

ውባለም፦ ...«ወዲያ» ነበር የምንለው። እኔም ጭምር። «ወዲያ ማዶ፣ ወደ ደብተራው» ብዬ ጮኬያለሁ።

ደብተራ ልመንህ፦ አየሽ! አባትና ልጅ በረዶ ስንወራወር ዋልን። የኔንም «ወዲያ»፣ ያንቺንም «ወዲያ» የሰማ አምላክ እንደ ፈቀደ አደረገ። ዝናቡም የሱ፣ በረዶውም የሱ። ግብፅ ላይ ሲያወርደው፣ እስራኤል ያሉበትን ጌሤምን ሲያልፈው ማን አማከረው? እኔ ነኝ ይህን ያስተማርኳችሁ። እሳቱ ዳር አስቀምጬ።

ውባለም፦ ትዝ ይለኛል። ፈርዖን «በቃኝ፣ ለምኑልኝ» ሲል ሙሴ ከከተማ ወጥቶ እጁን ዘረጋ ይሉን ነበር። «አቆመው አይደለም፣ ለመነ ነው» እያሉ እርስዎው ነበሩ የሚያርሙን። እኔ «ሙሴ በረዶውን አቆመ» ብዬ ጆሮዬን ቆንጥጠውኛል።

ደብተራ ልመንህ፦ የራሴን ጆሮ የሚቆነጥጥ ጠፋ እንጂ። ሙሴ ራሱ፣ ባሕር የተከፈለለት ሰው፣ ሕዝቡን ያን ሁሉ መንገድ የመራ ሰው፣ አንዲት ቀን ተናዶ ድንጋዩ ፊት «ውሃ እናወጣላችኋለን» አለ። «እናወጣለን» አለ። ለዚያች አፍ የተስፋይቱን ምድር በሩቅ አይቶ ቀረ። እኔ ስንት መስከረም «እመልስላችኋለሁ» አልኩ? ያውም ቁና እህል እየተቀበልኩ!

ውባለም፦ ለምን አሉ ታዲያ? ይህን ሁሉ እያወቁ?

ደብተራ ልመንህ፦ መጀመሪያ አላልኩም። ጸሎት ነበር የማደርግላቸው። አንድ ዓመት በረዶው አለፈንና «የደብተራው ጸሎት» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት «ደብተራው» ብቻ አሉ። ዝም አልኩ። ጣፈጠኝ መሰለኝ። ሰው መንገድ ሲለቅልሽ፣ ሠርግ ላይ ላይኛው ወንበር ሲሰጥሽ «ኧረ እኔ አይደለሁም» ማለት ያቅታል። አፈርኩ፣ ልጄ። ካንቺ ፊት እንኳ መቀመጥ አፈርኩ።

ውባለም፦ እኔም አፍሬያለሁ። በእርስዎ ስም ሰው ያስፈራራሁ እኔ ነኝ። ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጫጫታ? እልልታ ነው?

ደብተራ ልመንህ፦ እነሱ ናቸው። የምስጋናውን እህል በአህያ ጭነው ነው የሚመጡት። ጠዋት ነግረውኛል። ኧረ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ውባለም፦ ልጆቹ ሁሉ ለባብሰዋል። ያ ሽማግሌው ባላምባራስ እንኳ በምርኩዝ እየተራመደ ከፊት አለ።

ደብተራ ልመንህ፦ ባላምባራስ ደግሞ ለምን መጣ! በዚህ ዕድሜው!

ውባለም፦ አባባ... ይተዉት።

ደብተራ ልመንህ፦ ምኑን?

ውባለም፦ መሄዱን። በቃ ይተዉት። ይህን ሁሉ ሰው ምን ብለው... በዚህ ዕድሜ ልጅ አዋቂው ሲስቅብዎ ማየት አልፈልግም። እኔ በጓሮ በኩል ልውጣ። አጥፍቻለሁ ብዬ እማማ ደብሬ እግር ላይ እወድቃለሁ።

ደብተራ ልመንህ፦ እሺ ካላለችስ?

ውባለም፦ ልጁ ከሷ ጋር አይጎዳም። ትወደዋለች። እኔ እንደ ምንም... አንድ ቦታ አላጣም። እርስዎ ይግቡና ጥምጥምዎን ያስተካክሉ፤ እብጠቱ ይታያል።

ደብተራ ልመንህ፦ የትም አትሄጂ። እዚሁ ከጎኔ ቁሚ፤ እጄን ያዢኝ። ጎበዝ! ጎበዝ፣ እልልታውን አቁሙ! ባላምባራስ፣ ይማሩኝ፣ አህዮቹን እንዳያራግፉ ይበሉልኝ! እህሉ ወንዙን ይሻገራል፣ በረዶ ለበላባቸው ነው። እናንተም ኑ፣ አንድ ሰው እንዳይቀር፤ ዋርካው ሥር የምናገረው አለኝ። እዚህ ብናገረው ማዶ ደግሞ ልደግመው ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለቴ የማፍርበት ፊት የለኝም!