ብድግ ያለልኝ ጭላዳ

እዚሁ ቦረና፣ መካነ ሰላም ላይ «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» የሚል የፎቶ ዐውደ ርእይ ሊከፈት ነው ሲሉኝ፣ አንዲት ፎቶዬ ግድግዳ ላይ ሳትሰቀል አልሞትም ብዬ፣ የልጄን ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሰው የታየበት ፎቶ አይገባም ተብሏል። ታዲያ መከራዬ ሽበቴ ሆነ! ሰው የለም ብዬ ካሜራውን ሳነሣ፣ ከገብሱ መሃል አንድ ገበሬ ብድግ ብሎ «ኖር፣ አባባ!» ይለኛል።

«በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ፣ ፎቶዬን አበላሸህብኝ!»

«ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ወላሂ አላደርገውም!»

በሦስት ቀን ውስጥ ከቦረና ሰው ብድግ ሳይልልኝ የቀረ የለም። በመጨረሻው ቀን ገደል አፋፍ ላይ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ አገኘሁ። ካሜራውን ሳነጣጥር እሱም አየኝና በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመ! ምን ላድርግ፣ የእሱኑ ፎቶ ይዤ ሄድኩ።

መራጮቹ ሦስት ወጣቶች ናቸው። አንዷ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ ፎቶዬን አገላብጣ አየችና፣ «አባባ፣ ይሄ ጭላዳማ ሰው ያስተማረው ነው፤ አንቀበልም» አለችኝ።

«እውነትሽን ነው ልጄ» አልኳት። ከዚያ ክፍል ውስጥ ለሽማግሌ የተነሣው እሱ ብቻ ነበር።