ሹሙ አስቀድሞ የቀመሰው ቢራ

በጣሊያን ጊዜ ደምበጫ ጠላ እሸጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ አንድ የጣሊያን ሹም ከነአስተርጓሚው ቤቴ ገብቶ ጠላ አዘዘ። እንደ ወጉ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና በሁለት እጄ ሰጠሁት። "የኔን ለምን ትጠጣለች?" ብሎ አስጠየቀኝ። "መርዝ እንደሌለው እንዲያምን ነው" አልኩ።

ጠላውን ጭልጥ አደረገና፣ "ጀርመኖች በቢራ በዓላቸው የሚጠጡት ይሄን ነው፤ ጠጪ!" ብሎ ከቦርሳው ያወጣውን ጠርሙስ ከፈተልኝ። እጄን አልዘረጋሁም። "መጀመሪያ እሱ ይቅመስ" አልኩ። አስተርጓሚውን ላብ አጠመቀው። "ይገድልሻል እኮ!" "እንዳልኩህ ንገረው። ቤቱ የኔ ነው።" ነገረው። ሹሙ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። በመጨረሻ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ላሰና ጠርሙሱን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ተጎነጨሁለት። "እንዴት ነው?" ቢለኝ፣ "ጌሾ አብዝተውበታል በለው" አልኩት።