ቢላ የሰበረው ጎማ

ድንች የምጭንባት ፒካፕ ጎማዋ አልቆ አዲስ ልገዛ ሸዋ በር ገበያ ሄድኩላችሁ። ለኮረኮንቹም ለአስፋልቱም የሚሆን ነው የምፈልገው። ሻጩ አንዱን ጎማ እንደ ሙሽራ እያሻሸ፣ «ወላሂ፣ ይሄ ድንጋይ ይፈጫል!» ይለኛል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚሠሩ ሐጂ ተቀምጠዋል። ጎማ ሲበልቱ የሚውሉት እሳቸው አይደሉ? «ሐጂ፣ የትኛው ይሻለኛል?» አልኳቸው። ወደ ሌላ ዓይነት ጎማ እየጠቆሙ፣ «ብቻ ያንን ገዝተህ፣ ሲያልቅ እኔ ዘንድ እንዳታመጣው! ሁለት ቢላ ሰብሮብኛል፤ አላህ ይስበረው!» ብለው ተቆጡ።

«በቃ፣ እሱን ግጠምልኝ!» አልኩት ሻጩን። ጦፈ። «እኔ የማልኩልህን ትተህ እሳቸው የረገሙትን ትገዛለህ?»

«አንተማ የማልከው ልትሸጥልኝ ነው» አልኩት፤ «እሳቸው የረገሙት ግን ቢላቸው ተሰብሮ ነው!»