በየበዓሉ ያረፈው ክኒን

ግማሹን ብቻ አንብቤ የተውኩትን ስለ መድኃኒት የሚያወራ ጽሑፍ ለነፍሰ ጡር ሴት አውርቻለሁ። ዳንግላ ውስጥ ነርስ ነኝ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ አንዲት የገጠር ሴት «ሆዴ ያለውን ልጅ አይጎዳውም?» ስትለኝ፣ «የሰውነቱን ሕዋስ ትንሽ ሊያደክመው ይችላል ይላሉ» ብዬ አለፍኩ። አንድ ቀንም ማቋረጥ እንደሌለባት አልነገርኳትም።

ወልዳ፣ ሕፃኑን አዝላ በጋሪ መጣች። ቫይረሱ እንዳለበት የሚናገረው ውጤት እጄ ላይ ነበር። «ክኒኑን አቋርጠሽ ነበር?» አልኳት።

«ኧረ ሲስተር! ልጄ እንዳይደክምብኝ በየበዓሉ ብቻ አሳርፈው ነበር። በሬስ በበዓል ይጠመዳል?» ብላ ሳቀች።

ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ቅዳሜና እሑድን ስደምር የወሩ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ውጤቱን ስነግራት ሕፃኑን እያየች «በየትኛው ኃጢአቴ ይሆን?» አለች። «በእኔ ነው» ማለት ሲገባኝ የሕፃኑን ቀጠሮ ጻፍኩላት። እሷን ይቅርታ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ እባካችሁ እናንተ ይቅር በሉኝ።