ከማንጎው ጆንያ ኋላ

አውሮፓ በብስክሌት ስወዳደር፣ በነዚያ የአንድ ቀን ረጃጅም ውድድሮች ሥራዬ ከፊት ሆኜ ለቡድናችን አሸናፊ ንፋስ መከላከል ነበር። አሁን አሶሳ ስፖርት አስተምራለሁ። በቀደም በባምባሲ መንገድ ብስክሌቴን ስነዳ፣ ማንጎ በጆንያ የጫኑ ሽማግሌ ብስክሌተኛ ከፊቴ አየሁ። ናፍቆት ነው መሰል፣ ሳላስበው እንደ ውድድር ጊዜ ከንፋሱ ተከልዬ ከኋላ ጎማቸው ተለጠፍኩ። ድንገት ቆሙ።

«ሰላም የለ፣ ከኋላ ብቻ? ሰው ሰላም ብሎ ከጎን ነው የሚሄድ!»

አፍሬ የድሮ ሥራዬን ነገርኳቸው።

«አንተ ንፋስ ትይዛለህ፣ ጓደኛህ ያሸንፋል?»

«አዎ አባባ፤ መጨረሻ ላይ ቀድሞኝ ይሄዳል።»

«ላንተስ ማን ይይዛል?»

መልሴን አልጠበቁም።

«በል፣ ከኋላዬ ና» ብለው ፔዳሉን ረገጡ።

መንደራቸው መታጠፊያ ላይ ዞር አሉ። «መጨረሻው ደረሰ፤ ቅደም እንጂ!»

ያ ንፋስ የያዘልኝ ጀርባ ከፊቴ እንዲጠፋ አልፈለግኩም። ፍሬን ያዝኩ።